የባክቴሪያ ገጽ አርጋቢዎች፤ የስያሜያቸው ታሪክና ለአማርኛ የሙያ ቃላት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሚሠሯቸው፣ እንደ ሳሙና የውኃን ገጽ የሚያረግቡና ሌሎች ተሕዋስያንን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ስማቸውን እንዴት እንዳገኙ መመርመር፣ ከዚህም ታሪክ ለአማርኛ የሙያ ቃላት አሰያየም የሚጠቅም ትምህርት ማውጣት ነው። ርእሱ የኬሚስቶች እንጂ የቋንቋ ሰዎች አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየምም። ይሁን እንጂ የነዚህን ንጥረ ነገሮች ታሪክ ስንከተል በየምዕራፉ የሚገጥመን የስም ጥያቄ ነው። አንዱ ንጥረ ነገር ሁለት ስም ይዞ ይገኛል፤ ሌላው ከተገኘበት ቦታ ጋር በማይገናኝ ስም ይጠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ መልኩን እንጂ ሥራውን በማይናገር ስም ሲጠራ ይኖራል። እንዲህ ያለው የስም መዛነፍ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። በመጨረሻው ክፍል እንደምናሳየው ግን ጉዳዩ እስከ መድኃኒት ቤት መስኮት ድረስ ይዘልቃል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ከምናውቀው እንነሣ፤ እንዶድ

እንዶድ በአገራችን ፋብሪካ የሠራው ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የልብስ ማጠቢያ ነበር። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ሸማውም ይነጣበታል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ወራጅ ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማጠቢያ» ሲባል የኖረው ፍሬ «ቀንድ አውጣ ገዳይ» የሚል ሁለተኛ መጠሪያ አገኘ። በፍሬው ላይ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር አልነበረም። አጣቢዋ ያየችው አረፋውን ነው፤ ተመራማሪው ያዩት ከአረፋው በታች ያለውን ሞት ነው።

የእንዶድን አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን ስሙን የወረሰው ሳፖ ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን የዐረብኛው ሳቡንና የእኛው ሳሙናም የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። እንዶድ ተክል ስለ ሆነ ከርእሳችን ውጪ ነው። የምንነጋገረው በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩት ሳሙና ነው። ነገር ግን የሁለቱም አሠራር በመሠረቱ ተቀራራቢ፣ የስያሜያቸውም ችግር አንድ ዐይነት በመሆኑ እንዶድን በመንገድ መሪነት ይዘን እንሄዳለን።

2. ገጽን ማርገብ ማለት ምን ማለት ነው?

የውኃ ገጽ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ትንንሽ ነፍሳት ሳይሰጥሙ የሚራመዱበትም ስለዚህ ነው። ይህ ኃይል የገጽ ውጥረት ይባላል። ሳሙናና ሳሙና መሰል ንጥረ ነገሮች አንዱ ጫፋቸው ውኃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፋቸው ቅባት ወዳድ ስለ ሆነ በውኃው ገጽ ላይ ይደረደሩና ውጥረቱን ያረግቡታል። የአንድ ሕዋስ ሽፋንም የተሠራው እንዲሁ ውኃ ወዳድና ቅባት ወዳድ ጫፍ ካላቸው ቅንጣቶች በመሆኑ፣ ገጽ አርጋቢው ንጥረ ነገር በሽፋኑ መካከል እንደ ሽብልቅ ሊገባ ይችላል። ሲበዛም ሽፋኑ ይቀደዳል፤ በውስጡ ያለው ይፈስሳል፤ ሕዋሱ ይሞታል። ስለዚህ ማጠብና መግደል ከአንድ ጠባይ የሚመነጩ ሁለት ውጤቶች ናቸው።

በእንግሊዝኛው ዓለም «በገጽ ላይ የሚሠራ ነገር» የሚለው ረዥም ሐረግ ተቆራርጦ «ሰርፋክታንት» የሚል አንድ ቃል የወጣው በ1950 ገደማ ሲሆን፣ ያወጡትም የኬሚካል ነጋዴዎች ናቸው። ቀጥለን የምናያቸው አንዳንዶቹ ንጥረ ነገሮች ግን ከዚህ ቃል በፊት የታወቁ ናቸው። ሳሙናነታቸውን የሚገልጽ ቃል ባልነበረበት ጊዜ የተጠመቁ በመሆናቸው ስማቸውን ከሌላ ስፍራ ሊዋሱ ግድ ሆነ።

3. የአይብ ጠጕርና የሶቪየት ፊደል

በ1939 ሬኔ ዱቦስ የተባሉት ተመራማሪ በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም ሳሉ፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን የሚያጠፋ ሌላ ባክቴሪያ ከአፈር ውስጥ ፈልገው አገኙ። ባክቴሪያው ባሲለስ ብሬቪስ ይባል ነበር። ከእርሱ ያወጡትንም ንጥረ ነገር «ታይሮትሪሲን» አሉት። ቃሉ የተወሰደው «ታይሮትሪክስ» ከሚለው የቀድሞ የባክቴሪያ ወገን ስም ሲሆን፣ ሥሩ በግሪክኛ ታይሮስ «አይብ»፣ ትሪክስ «ጠጕር» ነው። ስለዚህ ከአፈር የተገኘው ገዳይ «የአይብ ጠጕር» የሚል ትርጉም ያዘለ ስም ተሸከመ።

ዱቦስና ባልደረባቸው ሮሊን ሆችኪስ ታይሮትሪሲን የሁለት ነገሮች ድብልቅ መሆኑን ደረሱበት። አንደኛው ታይሮሲዲን ተባለ፤ ይህም የሕዋስን ሽፋን እንደ ሳሙና የሚያፈርስ ነው። ሁለተኛው ግራሚሲዲን ተባለ፤ ትርጉሙም «የግራም ገዳይ» እንደ ማለት ነው። የተገደለው ግን ግራም አይደለም። ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ባክቴሪያዎችን በቀለም የመለየትን ዘዴ ያገኙ የዴንማርክ ሐኪም ናቸው፤ ንጥረ ነገሩ የሚያጠፋውም በዚህ ዘዴ ወይን ጠጁን ቀለም ይዘው የሚቀሩትን ባክቴሪያዎች ነው። የዚህን ስም ትርጉም ለመረዳት የአንድ ዘዴ ታሪክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት ማለት ነው።

በ1942 ደግሞ ጌዎርጊ ጋውዜና ማሪያ ብራዥኒኮቫ በሞስኮ ተመሳሳይ ባክቴሪያ አግኝተው ከእርሱ ያወጡትን ንጥረ ነገር «ግራሚሲዲን ኤስ» አሉት። «ኤስ» የሶቪየት የመጀመሪያ ፊደል ናት። ንጥረ ነገሩ ከዱቦስ ግራሚሲዲን ጋር በቅርጽም በአሠራርም ይለያያል፤ በስሙ ግን ታናሽ ወንድም ይመስላል። በመዝገበ ቃላት ሥራ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋራ ስም የጋራ ባሕርይን ያስገምታልና ስም አውጪው የዝምድናን መልክ ያለ ዝምድና እንዳይሰጥ መጠንቀቅ አለበት።

በነዚህ ንጥረ ነገሮች ላይ የተጣለው ተስፋ ብዙም ሳይቆይ ተወሰነ። በደም ሥር ቢሰጡ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ቀዩንም የደም ሕዋስ የሚያፈርሱ ሆነው በመገኘታቸው አገልግሎታቸው በቁስል ላይ በመቀባትና ይህን በመሳሰለው ተገደበ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ «ሕዋስ» ወደሚለው ቃላችን ስንደርስ እንመለስበታለን።

4. መግልና ጌሾ

በቁስል ላይ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ መግል የሚያወጣ ባክቴሪያ አለ። የቀድሞ ስሙ ስዩዶሞናስ ፓዮሳያኒያ ሲሆን፣ ፓዮ «መግል»፣ ሳያን «ሰማያዊ» ማለት ነው። ዛሬ የጸናለት ስም ስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ነው፤ ይህም በላቲን የመዳብን ዝገት የሚያመለክት ነው። ሁለቱም ስሞች የወጡት ከቀለሙ ነው።

በ1946 ሱኔ በርግስትሮምና ሁጎ ቴዎሬል የሚገኙባቸው የስዊድን ተመራማሪዎች ከዚህ ባክቴሪያ አንድ ቅባት ነክ አሲድ አውጥተው የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እንደሚጎዳ አመለከቱ። ስሙንም «ፓዮሊፒክ አሲድ»፣ ማለት «የመግል ቅባት አሲድ» አሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1949 ጃርቪስና ጆንሰን በአሜሪካ የዚሁ ዐይነት ንጥረ ነገር ከምን ከምን እንደ ተሠራ ገለጹ። አንዱ ወገኑ ራምኖስ የሚባል ስኳር፣ ሌላው ወገኑ የቅባት አሲድ ነው። ከዚህም የተነሣ ወገኑ በሙሉ «ራምኖሊፒድ» ተብሎ ቀረ። ስኳሩ ውኃ ወዳዱ ጫፍ፣ ቅባቱ ውኃ ሸሹ ጫፍ ስለ ሆኑ ይህ ስም የንጥረ ነገሩን አሠራር ለሚያውቅ ሰው የሚናገር ስም ነው። «የመግል ቅባት» የተገኘበትን ቁስል ይናገራል፤ «ራምኖሊፒድ» የተሠራበትን ይናገራል። የጸናውም ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ራምኖስ የተባለው ስኳር ስሙን ያገኘው ራምነስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው። ጠላችንንና ጠጃችንን የምንጠነስስበት ጌሾም የዚሁ ወገን አባል ሲሆን በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። እንግዳ የሚመስለን ቃል በስሙ ውስጥ የጓሯችንን ተክል ዘመድ ይዞ ይዞራል። ይህን ስንል ግን ንጥረ ነገሩን «ጌሾ ቅባት» እንበለው ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለ ትርጉም አንባቢውን ወደ ጋኑ እንጂ ወደ ባክቴሪያው አይወስደውም። የቃሉን ዘር መተርጎምና ቃሉ የሚጠራውን ነገር መሰየም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

5. ሰርፋክቲን፤ አንድ ንጥረ ነገር በሁለት ስም

ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለውን ባክቴሪያ በዚህ ስም የጠራው ፈርዲናንድ ኮን በ1872 ነው። ባሲለስ «ትንሽ ዘንግ»፣ ሰብቲሊስ «ቀጭን» ማለት ነው። በ1968 አሪማ፣ ካኪኑማና ታሙራ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚህ ቀጭን ዘንግ አንድ ጠጣር ንጥረ ነገር ለይተው «ሰርፋክቲን» ብለው ሰየሙት። ስሙ ከነጋዴዎቹ ቃል ከሰርፋክታንት የተቀዳ ነው። ሲሰየምም ተገቢ ነበር፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 50 ሚሊግራም ያህል ቢገባ የውኃውን የገጽ ውጥረት በሜትር ከ72 ወደ 27 ሚሊኒውተን ያወርደዋል። ቅርጹም ሰባት አሚኖ አሲዶች ከአንድ የቅባት አሲድ ጋር ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ በዋናነት የተናገረው ንጥረ ነገሩ የደምን መርጋት እንደሚከለክል ነበር። በ1970 በርንሃይመርና አቪጋድ ከዚሁ የባክቴሪያ ዝርያ ሕዋስን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አገኙና «ሰብቲላይሲን»፣ ይኸውም «የሰብቲሊስ አፍራሽ» ብለው ጠሩት። በኋላ ሲመረመር ሰርፋክቲንና ሰብቲላይሲን አንድ ነገር ሆነው ተገኙ። አንደኛው ስም አረፋውን፣ ሁለተኛው ሞቱን ተናገረ፤ እንደ እንዶዳችን ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ሦስተኛ ነገር ታወቀ። ለባክቴሪያው ራሱ ሰርፋክቲን በርጥብ ገጽ ላይ ተንሸራትቶ ለመስፋፋት የሚረዳ ቅባት ነው። «ፀረ-ተሕዋሲ» የምንለው እኛ ነን፤ ባክቴሪያውን ብንጠይቀው ምናልባት «መንገዴ ነው» ይለን ነበር።

ከዚሁ የባክቴሪያ ወገን የሚወጣውና ሻጋታን የሚያጠፋው ኢቱሪን ደግሞ ስሙን ያገኘው አፈሩ ከተወሰደበት ከኮንጎዋ ኢቱሪ ነው። የቦታ ስም ስለ ሥራው ምንም አይናገርም፤ ነገር ግን አያሳስትም።

6. ፖሊሚክሲንና ኮሊስቲን

በ1947 በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚገኙ ልዩ ልዩ ቡድኖች በተቀራራቢ ጊዜ አንድ ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮችን አገኙ። እንግሊዞቹ «ኤሮስፖሪን» አሉ፤ የጸናው ግን «ፖሊሚክሲን» የሚለው ሆነ። ቃሉ «ብዙ ልጋግ» ማለት ሲሆን ልጋጋሙን ባክቴሪያ እንጂ መድኃኒቱን አይገልጽም። በ1950 ጃፓን ውስጥ «ኮሊስቲን» የተባለ መድኃኒት ተገኘ፤ በኋላም ከፖሊሚክሲኖች አንዱ፣ ማለት ፖሊሚክሲን ኢ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

እነዚህ መድኃኒቶች የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን በኤሌክትሪክ ሙላቸው ይስቡና በቅባት ጭራቸው ያፈርሱታል። ኩላሊትን ስለሚጎዱ ለብዙ ዓመታት ወደ ጎን ተደርገው ነበር፤ ሌሎች መድኃኒቶች እየከሸፉ ሲሄዱ ግን እንደ መጨረሻ ምሽግ ተመልሰው ተጠሩ። ይሁንና በዚሁ ጊዜ ኮሊስቲን በልዩ ልዩ አገሮች ለከብትና ለአሳማ በመኖ ይሰጥ ነበር። በ2015 በቻይና ከአሳማ፣ ከሥጋና ከሕሙማን በተገኙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍና ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፍ የዘር ቅንጣት መገኘቱ ተገለጸ። ቅንጣቱ ባክቴሪያው በሽፋኑ ላይ ሌላ ነገር እንዲለጥፍና የሽፋኑን የኤሌክትሪክ ሙል እንዲለውጥ ያደርገዋል። መድኃኒቱም የሚይዘው ያጣል። ቻይናም በ2017 ኮሊስቲን ለእንስሳት ማፋፊያ እንዳይውል ከለከለች።

7. የአማርኛው ጥያቄ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሦስት የስያሜ ጉዳዮችን እናቀርባለን።

ሀ) ለሰርፋክታንት። «ሳሙና መሰል» ግልጽ ነው፤ ግን ማጠብን ብቻ ያሳስባል። «ገጽ ነክ» እንዳይባል «ነክ» በአማርኛችን «የሚመለከት» ማለት ስለ ሆነ ሥራን አይገልጽም። እኛ የምናቀርበው «ገጽ አርጋቢ» የሚለውን ነው። ውጥረትን ማርገብ ሕዝቡ በየዕለቱ የሚናገረው ነው፤ አወቃቀሩም እንደ «እሳት አጥፊ» ያለ ነው። በሕክምና ዘርፍ «ሰርፋክታንት» ሲባል ብዙ ጊዜ በሳንባችን ውስጥ ያለውንና ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ የሚጎድለውን ንጥረ ነገር ስለሚያመለክት፣ «የሳንባ ገጽ አርጋቢ» እና «የባክቴሪያ ገጽ አርጋቢ» እየተባለ ቢለይ ይበጃል። መለያየቱ ለይስሙላ አይደለም። በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳፕቶማይሲን የተባለው የባክቴሪያ ሥሪት መድኃኒት ለሳንባ ምች የማያገለግለው፣ የሳንባው ገጽ አርጋቢ ይዞ ስለሚያስቀረው ነው። ቃሉ ካልተለየ ይህ ዐረፍተ ነገር ራሱ ሊጻፍ አይችልም። ሰርፋክቲን፣ ኢቱሪን፣ ፖሊሚክሲን የሚሉት ግን የተጸውዖ ስሞችን ስለሚመስሉ እንዳሉ ቢወሰዱ እንመርጣለን።

ለ) ተሕዋሲና ሕዋስ። «ተሐዋሲ» በግእዝ «ተሐውሰ» ከሚለው፣ ማለት «ተንቀሳቀሰ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰውን ፍጡር ይጠራ የነበረው ቃል ዛሬ በዐይን ለማይታየው ተሰጥቷል። «ሕዋስ» ቀድሞ የስሜት መቀበያ አካል ነበር፤ ዛሬ የአካል መሠረታዊ ቅንጣት ሆኗል። ሁለቱ በድምፅ ስለሚቀራረቡ በንግግር «ፀረ-ተሕዋሲ» እና «ፀረ-ሕዋስ» ሲደበላለቁ እንሰማለን። ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ታይሮሲዲንና ሰርፋክቲን በእውነት ፀረ-ሕዋስ ናቸው፤ የባክቴሪያውንም የሰውንም ሕዋስ ያፈርሳሉና። ለመድኃኒትነት የሚበቃው የመጀመሪያውን ከሁለተኛው የሚለይ ነው። ቃላችንም ይህንኑ መለየት አለበት።

ሐ) መላመድ ወይስ መቋቋም? «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ»፣ «የመድኃኒት መላመድ» የሚሉት ሐረጎች ዛሬ በሰፊው የተለመዱ ናቸው። አንድ ቀን በአንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስንጠብቅ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኸኛውን ሰውነቴ ለምዶታል፤ ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ሲሉ ሰማን። ወጣቱ ባለሙያ «እማማ፣ የሚለምደው ሰውነትዎ አይደለም፤ ጀርሙ ነው» አላቸው። እሳቸውም «እኔ አይደለሁ የምውጠው?» ብለው መለሱ። በሰዋስው ረገድ እውነታቸውን ነው። «መላመድ» ማን ማንን እንደ ተላመደ ካልተነገረ አድማጩ ባለቤቱን ከራሱ ያመጣል፤ መድኃኒቱን የሚውጠውም እሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 በ12 አገሮች ባስጠየቀው ጥናት ከመቶ 76ቱ መድኃኒቱን የሚቋቋመው የሰው አካል ነው ብለው ነበር። ኢትዮጵያ ከነዚያ አገሮች አንዷ ባትሆንም፣ በቋንቋችን ቃሉ ራሱ ለዚህ ግምት በር ይከፍታል።

ሌላም ጉድለት አለ። ከ«ለመደ» የሚወለዱት «ልማድ»ና «ለማዳ» ናቸው። ለማዳ እንስሳ የማይናከስ ነው። መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚናከሰው ነው። የኮሊስቲኑ ታሪክ እንደሚያሳየውም ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያመልጠው የገዛ ገጹን በመለወጥ ነው፤ ይህ ከመልመድ ይልቅ የጦር ልብስን ከመለወጥ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ «መቋቋም» የሚለውን እንመርጣለን። «ተቋቋመ» የድርጅትን መመሥረትም እንደሚናገር አንዘነጋም፤ ሆኖም «መድኃኒቱን» የሚለው ተሳቢ ሲቀድመው ማሻሚያው ይወገዳል። «መድኃኒት ተቋቋሚ ባክቴሪያ»፣ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቋመ» ብንል ባለቤቱም ተሳቢውም በየቦታቸው ይቀመጣሉ።

መደምደሚያ

የባክቴሪያ ገጽ አርጋቢዎች ስም የወጣላቸው በአይብ፣ በመግል፣ በልጋግ፣ በሰው፣ በአገርና በውኃ ገጽ ነው። ስሞቹን ያወጡት ሁሉ ያዩትን በታማኝነት ተናግረዋል፤ ያላዩትን ግን ሊናገሩ አልቻሉም። እኛ ዘግይተን የመጣን ሰያሚዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን። ንጥረ ነገሩ አረፋ ማውጣቱን፣ መግደሉን፣ ከዚያም መከሸፉን ሁሉ አይተን መሰየም እንችላለንና። «ገጽ አርጋቢ»ን የማይቀበል ባልደረባ ቢኖር የተሻለውን ያምጣልን፤ ክርክሩን በደስታ እንቀበላለን። «መላመድ»ን በሚመለከት ግን ጊዜ ባንወስድ ይሻላል። እኒያ እናት ቃሉን የተረዱት እንደ ቋንቋቸው ሕግ ነው። መታረም ያለበትም እሳቸው ሳይሆኑ ቃሉ ነው።